እንዳልኮርጅ ብለሽ ማንበብ ያቆምሽው እህቴ

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ «ልብ አንጠልጣይ የወንጀል ልብ ወለድ መጻፍ ጀምሬ ሦስተኛው ምዕራፍ ላይ ተገትሬ ቀረሁ። ገዳዩ ማን እንደሆነ እኔም ገና አልወሰንኩም። ሳላውቀው እንዳልኮርጅ ብዬ የሌሎችን ማንበብ ካቆምኩ ዓመት ሊሞላኝ ነው። በዚህ ዘርፍ የተሳካላቸው ደራሲያን ምን ያነባሉ? በቀን ስንት ሰዓት ይጽፋሉ? ሐሳቡስ ከየት ይመጣላቸዋል?»

እህቴ፣ የገተረሽ ነገር እዚያው ጥያቄሽ ውስጥ አለ። ማንበብ አቁመሻል። ገዳዩንም አታውቂውም። ስለ ሰዓቱ የጠየቅሽው ከእነዚህ ጋር ሲነጻጸር ቀላል ነው፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

እኔ ደራሲ አይደለሁም፣ አርታኢ ነኝ። ጠረጴዛዬ ላይ የሚመጣው ረቂቅ አብዛኛው ሬሳ ያለበት ነው። ቤተሰቦቼ ለምደውታል። ስልክ ላይ «መርዙ በጣም ፈጠነ፣ ሰውዬው ቢያንስ እስከ ማታ ይቆይ» ስል የሰማ እንግዳ ግን ደንግጦ ያውቃል።

ከኩረጃው ልጀምር። ይህን ዘርፍ የሠሩት እርስ በርስ የሚነባበቡ ሰዎች ናቸው። ኤድጋር አለን ፖ በ1841 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው) ብዙዎች የመጀመሪያው ዘመናዊ የመርማሪ ታሪክ የሚሉትን አጭር ልብ ወለድ አወጣ። መርማሪው ዱፒን ይባላል። ይሄ ዱፒን በታሪኩ ውስጥ ቪዶክን ይተቻል። ቪዶክ ደግሞ እውነተኛ ሰው ነው። ወንጀለኛ ሆኖ ጀምሮ የፓሪስ ፖሊስ የምርመራ ክፍል አለቃ የሆነ፣ ትዝታውን በ1828 ማሳተም የጀመረ ጉድ ነው። ፖ የሱን መጽሐፍ ባያውቀው ኖሮ ዱፒን የሚተቸው ሰው አይኖረውም ነበር። ከ46 ዓመት በኋላ አርተር ኮናን ዶይል ሼርሎክ ሆምስን ፈጠረ። ሆምስም በመጀመሪያው መጽሐፉ ላይ ዱፒንን አንስቶ ያጣጥለዋል።

ሰንሰለቱ ይቀጥላል። አጋታ ክሪስቲ ከእህቷ ጋር የሆምስን ታሪኮች እያነበበች አደገች። ከዚያ ጋስቶን ለሩ የተባለ ፈረንሳዊ በ1907 ያወጣው የተዘጋ ክፍል ምስጢር (ከውስጥ በተቆለፈ ክፍል የተፈጸመ ወንጀል ታሪክ) እጇ ገባ። ሁለቱ እህትማማቾች ስለ እሱ ሲያወሩ አጋታ «እኔም ብሞክር» አለች። እህቷ «አትችይውም» አለቻት። የመጀመሪያው መጽሐፍ የመጣው ከዚያ እልህ ነው። ጃፓናዊው ታሮ ሂራይ ደግሞ ፍቅሩን ጭራሽ ስሙ ላይ ለጠፈው። የብዕር ስሙ ኤዶጋዋ ራምፖ ነው። ቶሎ ቶሎ በይውና ስሚው፤ «ኤድጋር አለን ፖ» ይልሻል።

ይህን ሁሉ ኩረጃ የሚለው የለም። እንደ ኳስ ነው። አንዱ ያቀብላል፣ ሌላው ተቀብሎ ወደፈለገው ይመታል። አንቺ ግን ራስሽን ከሜዳ አስወጣሽ።

እንዲያውም ሳያውቅ የሚደግመው የማያነበው ሰው ነው። መጨረሻ ላይ «ለካ መንታ ወንድም ነበረው» የሚል ረቂቅ ስንት ጊዜ እንደደረሰኝ ብነግርሽ አታምኚኝም። ሁሉም እንደ አዲስ ግኝት ነው የሚያመጡት። ሮናልድ ኖክስ የተባለ ቄስም ደራሲም የሆነ እንግሊዛዊ በ1929 ለመርማሪ ታሪክ 10 ሕጎች አውጥቶ ነበር። አሥረኛው ሕግ አንባቢው አስቀድሞ ካልተዘጋጀ መንታ አታምጡ ይላል። ነገሩ ያኔውኑ አሰልችቶ ነበር ማለት ነው።

አሁን እንዴት ያነባሉ ወደሚለው ልምጣ። እኔ የማውቃቸው ጎበዞች ሁለቴ ያነባሉ። መጀመሪያ እንደማንኛውም ሰው ለመታለል። ቀጥሎ እንዴት እንደተታለሉ ለማየት።

አንቺም ሞክሪው። መጨረሻውን የምታውቂውን አንድ መጽሐፍ ውሰጂ። እርሳስ ያዢ። ደራሲው እውነቱን የነገረሽ ቦታ ሁሉ ላይ አስምሪ። ትገረሚያለሽ፣ ጥሩ ደራሲ ብዙም አይዋሽም። እውነቱን ይነግርሽና ወዲያው ዓይንሽን ወደ ሌላ ያዞረዋል። አንድ መጽሐፍ ላይ ይህን ሳደርግ ዋናው ፍንጭ የመጀመሪያው ምዕራፍ ላይ፣ ፊት ለፊት፣ በአንዲት አጭር ዓረፍተ ነገር ተቀምጦ አገኘሁት። ከእሷ ቀጥሎ ሁለት ሰዎች ይጣላሉ፣ ብርጭቆ ይሰበራል። እኔም እንደ ሞኝ ብርጭቆውን ተከትዬ ሄጃለሁ። ሌላ መጽሐፍ ላይ ፍንጩ ክፍሉ ውስጥ ካሉ ዕቃዎች ዝርዝር መሃል ነው የተወሸቀው። ዝርዝር ስናነብ የምናስታውሰው መጀመሪያና መጨረሻ ላይ ያለውን ነው፤ መሃሉን እንዘለዋለን። ሌላ ቦታ ደግሞ ፍንጩን የሚናገረው ሁሉም የሰለቸው ለፍላፊ ሰው ነው። ገጸ ባሕርያቱ አይሰሙትም፣ አንባቢውም አብሯቸው ጆሮውን ይደፍናል።

የሰውን ዓረፍተ ነገር ከወሰድሽ ያ ስርቆት ነው። ብርጭቆው የትኛው ፍንጭ አጠገብ መሰበር እንዳለበት ማወቅ ግን ሙያ ነው። ሙያ ደግሞ ሌላው ሲሠራ አይቶ ነው የሚለመደው።

የወንጀል ደራሲው ሬይመንድ ቻንድለር ይህን ከማንም በላይ በግልጽ አድርጎታል። ነዳጅ ኩባንያ ውስጥ የነበረውን ጥሩ ሥራ በ1932 ሲያጣ ዕድሜው 44 ነበር። ርካሽ የወንጀል መጽሔቶችን እየገዛ ማንበብ ጀመረ። ከዚያ እዚያው ዘርፍ ውስጥ የሚጽፈውን የኧርል ስታንሊ ጋርድነርን አንድ ታሪክ ወሰደ። ፍሬ ነገሩን በዝርዝር ለብቻው ጻፈ። ዋናውን ዘግቶ ከዝርዝሩ ብቻ ታሪኩን በራሱ ቃላት መልሶ ጻፈው። መጨረሻ ላይ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ የት ጋ እንደተበለጠ አየ። በኋላ ይህንኑ ለራሱ ለጋርድነር በደብዳቤ ነግሮታል፤ ልሸጠው ባለመቻሌ ትንሽ ከፋኝ ብሎ። ለመለማመድ ቀዳ እንጂ አላሳተመውም። የራሱ የሆነው የመጀመሪያ ታሪክ 5 ወር ፈጅቶበት በ1933 ታተመ። አንቺ የፈራሽውን ነገር እሱ ሆን ብሎ አደረገው። የወጣው ጽሑፍ ደግሞ ከጋርድነር ጋር ምንም አይመሳሰልም።

ከዘርፉ ውጭም ያነባሉ፣ ያውም በደንብ። እንግሊዛዊቷ የወንጀል ደራሲ ፒ ዲ ጄምስ የምትወዳት ጄን ኦስተንን ነበር። ኦስተን የፍቅርና የጋብቻ ደራሲ አይደለች እንዴ ትይኛለሽ። ጄምስ ግን «ኤማ» የተባለውን ልብ ወለድ ሬሳ የሌለበት የመርማሪ ታሪክ አድርጋ ታየው ነበር። እውነት ነው። ምስጢር አለ፣ ፍንጭ አለ፣ ሁሉንም በተሳሳተ መንገድ የምትተረጉም ጀግና አለች። ፓትሪሻ ሃይስሚዝ ሩሲያዊውን ደራሲ ዶስቶየቭስኪን ታመልክ ነበር፤ የሷ ገዳዮች አንባቢውን የሚያሳዝኑት ያለ ምክንያት አይደለም። ሌላዋ የወንጀል ደራሲ ዶሮቲ ሴየርስ የጥንቱን ባለቅኔ ዳንቴን ከጣሊያንኛ ተርጉማለች። እኔ የታዘብኩት ይህን ነው፦ የወንጀል መጽሐፍ ብቻ የሚያነብ ደራሲ ሴራው ይዋጣለታል፣ ሰዎቹ ግን የቼዝ ጠጠር ይሆኑበታል። ሟቹ ሲሞት ማንም አያዝንም። ሌላ ብቻ የሚያነበው ደግሞ ሰዎቹ ሕያው ናቸው፣ ግን 200 ገጽ ሙሉ መስኮት ዳር ቆመው ያስባሉ።

ስለ ሰዓቱ በአጭሩ ልመልስልሽ። አንድ ወጥ ልማድ የለም። ክሪስቲ የረባ የጽሕፈት ክፍል ሳይኖራት ነው ለዓመታት የጻፈችው። የማይነቃነቅ ጠረጴዛና የጽሕፈት መኪና ካለ ይበቃኛል ትል ነበር። የምግብ ጠረጴዛ ላይም ጽፋለች፣ መኝታ ቤት ያለ መታጠቢያ ጠረጴዛ ላይም። ጋዜጠኞች «የሚጽፉበት ቦታ ላይ ፎቶ እናንሳዎት» ሲሏት ትቸገር ነበር። ጄምስ ጠዋት ሥራ ከመግባቷ በፊት ተነስታ ትጽፍ ነበር። የመጀመሪያ መጽሐፏ በ1962 ሲወጣ የሆስፒታል አስተዳደር ሠራተኛ ናት፣ የልጆችም እናት።

ለራሴ የወሰድኩት የቻንድለርን ሕግ ነው። በቀን ቢያንስ 4 ሰዓት ለብቻው ይመደብ አለ። በዚያ ሰዓት መጻፍ ግዴታ አይደለም። ሌላ ነገር መሥራት ግን ክልክል ነው። ማንበብ የለም፣ ደብዳቤ የለም። መስኮት ማየት ይቻላል። ሰው ሲሰለቸው ይጽፋል። ዛሬ ቢሆን ስልኩን ከክፍሉ አውጡ ይል ነበር። 4 ሰዓት ከሌለሽ 40 ደቂቃ ይሁን። ዋናው «ሌላ ነገር የለም» የሚለው ነው።

ወደ ገዳዩ እንመለስ። የመጣሽበት ጉዳይ እሱ ነውና እዚህ ላይ ቆየት ልበል።

«ሳያውቁ የጻፉ አሉ» ብለሽ ትከራከሪኝ ይሆናል። አሉ። ጆርጅ ሲሜኖን ዋነኛው ነው። የፖሊስ መርማሪውን ኮሚሽነር ሜግሬን ይዞ 75 ልብ ወለድ የጻፈ ሰው። ሲጀምር የሚያውቀው ሰዎቹን ብቻ ነበር። ስማቸውን፣ ዕድሜያቸውን፣ ቤተሰባቸውን ፖስታ ጀርባ ላይ ይጽፋል። ምን እንደሚፈጠር አያውቅም። በቀን አንድ ምዕራፍ ይጽፍና በ11 ቀን ገደማ ያልቃል። ከመጀመሩ በፊት ሐኪም ጠርቶ የደም ግፊቱን ያስለካ ነበር። አሁን ቀጥሎ ያለውን ልብ በይ፦ መሃል ላይ ለሁለት ቀን ከታመመ የጻፈውን ይጥለዋል። ወደዚያ ታሪክ አይመለስም። ለምን? ሴራው ወረቀት ላይ የለም። ጭንቅላቱ ውስጥ፣ በሙቀቱ ላይ ነው ያለው። አንዴ ከበረደ አለቀ። ዘዴው የሚሠራው ለፈጣን ሰው ነው። አንቺ ሦስተኛው ምዕራፍ ላይ ተገትረሻል። የሲሜኖን መንገድ ያንቺ አይደለም። (ይህን ስል ቅር እንዳትሰኚ፣ የማንም አይደለም።)

ቻንድለርም ራሱ የታወቀ ጉድ አለበት። የመጀመሪያው ልብ ወለዱ ወደ ፊልም ሲሠራ ዳይሬክተሩ ሃዋርድ ሆክስ ግራ ገባው። ታሪኩ ውስጥ የሚሞተውን ሾፌር ማን ገደለው ብሎ ቴሌግራም ላከ። ቻንድለር በደብዳቤው እንዳወራው እሱም አያውቅም ነበር። እሱን ይቅር የምንለው በሌላ ምክንያት ነው። የሚነበበው ለዓረፍተ ነገሩ ነው፣ ለሴራው አይደለም። ጀማሪ እንዲህ ያለ ቀዳዳ ከተወ ግን አንባቢ አይምረውም። እኔም አልምረውም።

ክሪስቲን እይ። ከሞተች በኋላ 73 የማስታወሻ ደብተሮቿ ተገኝተዋል። ውስጣቸው ዝብርቅርቅ ነው። የአንድ መጽሐፍ ሴራ በተለያዩ ደብተሮች ተበትኗል። መሃል ላይ የሚገዙ ዕቃዎች ዝርዝር ይገባል። ግን እዚያ ነው ሥራው የተሠራው። «እንዲህ ቢሆንስ? ወይስ እንዲህ?» እያለች አማራጮችን በፊደል ትደረድራለች። ገዳዩ ማን ቢሆን ይሻላል የሚለው ራሱ አንዳንዴ ከአማራጮቹ አንዱ ነው። ስለዚህ አለማወቅሽ ነውር የለውም። ግን የማታውቂው ደብተርሽ ላይ ይሁን። ሦስተኛው ምዕራፍ ላይ ከሆነ መንገዱ ይጠፋብሻል።

ለምን ሦስተኛው? ጀማሪዎች ደግመው ደጋግመው የሚቆሙት እዚያ ነው። አንደኛው ምዕራፍ ላይ ሬሳ ይገኛል። ሁለተኛው ላይ መርማሪው ይመጣል። ሦስተኛው ላይ ሰዎችን መጠየቅ ይጀምራል። እነሱ ደግሞ የሚመልሱት የላቸውም፤ የሚደብቁትን ደራሲዋ ገና አልሰጠቻቸውማ። ሁሉም «እኔ ምንም አላየሁም» እያሉ ይወጣሉ። አንቺም አብረሻቸው ትደክሚያለሽ።

የወንጀል ልብ ወለድ ሁለት ታሪክ ነው። አንዱ የሆነው ነገር፣ ሌላው የሆነው ነገር የሚገለጥበት መንገድ። አንባቢው የሚያነበው ሁለተኛውን ነው። አንቺ አስቀድመሽ መጻፍ ያለብሽ የመጀመሪያውን ነው፣ መጽሐፉ ውስጥ የማይገባውን። ከገዳዩ ጎን ሆነሽ ጻፊው። መቼ ወሰነ? ምን ገፋው? በዚያች ቀን ጠዋት ምን ለበሰ? ምን ረሳ? ከገደለ በኋላ እንቅልፍ ወሰደው? ሁለት ገጽ ይበቃል።

ከዚያ ወደ ሌሎቹ ሂጂ። ለእያንዳንዱ ተጠርጣሪ አንድ ውሸት ስጪው። ውሸቱ ከግድያው ጋር ባይገናኝ ይመረጣል። አንዱ ያን ሌሊት የት እንደነበረ የሚደብቀው ከሰው ሚስት ጋር ስለነበረ ነው። ሌላዋ የሟቹን ደብዳቤ ያቃጠለችው ዕዳዋ እንዳይታወቅ ነው። አንዱ ሽማግሌ ደግሞ የሚዋሸው ዓይኑ መድከሙን ማመን አፍሮ ነው፤ «አየሁት» ያለውን ሰው በደንብ አላየውም። ይህ ሲሆን ሦስተኛው ምዕራፍ በራሱ ይሄዳል። መርማሪሽ የሚያነጋግረው ሰው ሁሉ የሚከላከለው ነገር አለው። የገዳዩ ውሸት ከብዙ ውሸቶች አንዱ ስለሚሆን ይደበቃል። ደካማ ረቂቅ ላይ የሚዋሸው ገዳዩ ብቻ ነው። አንባቢው ደግሞ ይህን ለመያዝ ሃምሳ ገጽ አይፈጅበትም።

ቦታውንም ሣይው። የምን ሥዕል እንዳትይ፤ ኡምቤርቶ ኤኮ በ1980 የታተመውን የገዳም ምስጢር ሲጽፍ የገዳሙን ንድፍ ፊቱ አስቀምጦ ነበር። ሁለት መነኮሳት ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው እየሄዱ ሲነጋገሩ፣ ሲደርሱ ንግግሩ ያልቃል። የንግግሩን ርዝመት የወሰነው የመንገዱ ርዝመት ነው። አንቺ እስከዚያ መሄድ የለብሽም። ግን ምስክርሽ «ከኩሽና ሆኜ በሩን አየሁት» ካለ በሩ ከኩሽና መታየት አለበት። ስንት ረቂቅ እዚህ ላይ ወድቋል።

ሐሳቡ ከየት ይመጣል ላልሽው፣ አብዛኛው ከራሳቸው ሕይወት ጠርዝ ላይ ነው። ዶይል ኤዲንብራ ሕክምና ሲማር ጆሴፍ ቤል የተባለ የቀዶ ጥገና መምህር ነበረው። ቤል በሽተኛው አፉን ሳይከፍት ሥራውንና የመጣበትን ቦታ ይናገር ነበር። ያ ሰው ሆምስ ሆነ። ዳሺል ሃሜት የፒንከርተን የግል መርማሪ ድርጅት ሠራተኛ ነበር። ሴየርስ ማስታወቂያ ድርጅት ውስጥ ዓመታት ሠርታ፣ ሬሳውን እዚያው ማስታወቂያ ድርጅት ውስጥ ጣለችው። ሱ ግራፍተን ከባሏ ጋር በፍቺ ስትጨቃጨቅ በሐሳቧ ስንቴ እንደገደለችው ራሷ ተናግራለች። እስር ቤት ከመግባት መጽሐፉን መረጠች፣ በ1982 ወጣ። ክሪስቲ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የሆስፒታል መድኃኒት ቤት ውስጥ ትሠራ ነበር። መርዝን የምታውቀው ከዚያ ነው። የመጀመሪያ መጽሐፏ ሲወጣ ከሁሉ በላይ ያኮራት የመድኃኒት ባለሙያዎች መጽሔት መርዙን በትክክል ገለጸችው ብሎ ማመስገኑ ነበር። መርማሪዋን ፖይሮን ቤልጅየማዊ ያደረገችውም በዚያው ጊዜ ከተማዋ ውስጥ የቤልጅየም ስደተኞች ስለነበሩ ነው።

ስለዚህ አንቺ ምን ሥራ ትሠሪያለሽ? እሱን አልነገርሽኝም። ሒሳብ ሠራተኛ ከሆንሽ ማንም ያላየውን ቁጥር ታውቂያለሽ። አስተማሪ ከሆንሽ ልጆች እንዴት እንደሚዋሹ ታውቂያለሽ። የገጸ ባሕርይሽን መደበቂያ እዚያ ፈልጊው።

ከእውነተኛ ወንጀል መነሳትም አለ፣ ግን በጥንቃቄ። ሁለት ምሳሌ አለኝ። ፖ በ1841 ኒው ዮርክ አካባቢ ሞታ የተገኘችውን የሜሪ ሮጀርስን ጉዳይ ወደ ፓሪስ አዛውሮ በመጽሔት በተከታታይ አወጣው። እኔ እፈታዋለሁ ብሎ ነበር። ታሪኩ እየታተመ ሳለ አዲስ መረጃ ብቅ አለ። የመጨረሻው ክፍል ዘገየ፣ በኋላም መጽሐፍ ሆኖ ሲታተም እየነካካ አስተካከለው። እውነቱ ቀደመው። ዊልኪ ኮሊንስ ግን ብልጥ ነበር። በ1860 እንግሊዝ ውስጥ አንድ ሕፃን ቤቱ ውስጥ ተገደለ። መርማሪው የጠረጠራት የሕፃኑን እህት ነበር፤ የጠፋችው የሌሊት ልብሷ ዋና ጉዳይ ሆነች። ኮሊንስ በ1868 ባወጣው መጽሐፍ ሕፃኑን አልነካውም። የወሰደው በዋናነት የሌሊት ልብሷን ነው። ደም የነበረበትን ቀለም አደረገው፣ ግድያውን የአልማዝ ስርቆት አደረገው። ከአንድ ቤተሰብ ሐዘን ላይ አንዲት ዕቃ አንስቶ ሄደ። እኔ ደራሲያን እንዲህ ሲያደርጉ ደስ ይለኛል። የሟች ዘመዶች በሕይወት ካሉ ደግሞ ከዚያም በላይ ራቂ።

አንድ ትንሽ ነገር ቀረችኝ፣ ስም። ሲሜኖን ስም የሚመርጠው ከስልክ ማውጫ ነበር፤ ጮክ ብሎ እያነበበ፣ ለጆሮው እስኪስማማው። አንቺም ጮክ ብለሽ አንብቢያቸው። ሁለት ተጠርጣሪ በአንድ ፊደል አይጀምር። ባለፈው አንድ ረቂቅ መጣልኝ፣ አምስቱም ተጠርጣሪዎች በ«መ» ይጀምራሉ። መጨረሻ ላይ ገዳዩ ሲገለጥ ማን እንደነበር ለማስታወስ ሰባት ምዕራፍ ወደ ኋላ ተመለስኩ። አሁን ሦስተኛውን ምዕራፍ ዝጊውና እነዚያን ሁለት ገጾች ጻፊ። ሲያልቁ ላኪልኝ፣ አነባቸዋለሁ።